እኩል ነጥብ የሚባለው ስንት ነው? በቅጥር ላይ የሚሰጥ ቅድሚያና የሰሜን ሸዋ ሥራ ፈላጊዎች

በደብረ ብርሃን በየመሥሪያ ቤቱ አጥርና በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሚለጠፉት የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የሚያበቁት በአንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።» አንዳንዶቹ «አካል ጉዳተኞችም» የሚለውን ይጨምሩበታል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይህን የሚያነብ ወጣት ወንድ ቦታው አስቀድሞ ለሌላ እንደተሰጠ ይሰማውና ፎቶ ሳያነሣው ያልፋል። እዚያው አጠገቡ የቆመች ሴት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን በደርዘን ማስታወቂያዎች ላይ ስላነበበችውና እስካሁን አንድም ነገር ስላላመጣላት ከጌጥ አትቆጥረውም። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቃራኒ ቅሬታ የሚይዙት፣ ማበረታታት ማለት ምን እንደሆነ፣ በስንት ነጥብ፣ በየትኛው የውድድር ደረጃ እንደሚሠራ ማስታወቂያው ስለማይናገር ነው።

አሠሪ ሠራተኛ ሲቀጥር ከተወዳዳሪዎች መካከል አንዱን ወገን ሆን ብሎ እንዲያስቀድም ሊፈቀድለት ይገባል ወይ? የእኔ መልስ አዎ፣ ይገባል የሚል ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ዛሬ በተጻፈበት መልኩ የሚገኘው በውድድሩ የመጨረሻ ደጃፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ደጃፉ ላይ ለመድረስ ያልቻሉትን አይረዳም፤ ደጃፉ ላይ የደረሱትንም ቢሆን ነጥብ ሰጪዎቹ ካልፈለጉ በቀር አያስገባም። ይህን ለማስረዳት ከሕጉ መጀመር ይሻላል።

ነገሩ ብዙ ስም አለው። ሕገ መንግሥቱ «የድጋፍ እርምጃ» ይለዋል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ልዩ ድጋፍ» ወይም «አዎንታዊ ድጋፍ» ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች «አፈርማቲቭ» ብለው ያሳጥሩታል፤ የማይወዱት ሰዎች ደግሞ «አዎንታዊ አድልዎ» እያሉ ሁለተኛውን ቃል ያጠብቁበታል። በእነዚህ ስሞች ሥር የሚገቡት እርምጃዎች ግን በክብደታቸው እጅግ ይለያያሉ። ማስታወቂያን ለማይደርሳቸው ሰዎች ማድረስና ከፈተና በፊት ሥልጠና መስጠት ከማንም ላይ ምንም አይወስድም። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ሁለት ሰዎች መካከል አንዷን ማስቀደም ከአንድ ሰው ላይ አንድ ዕድል ይወስዳል። ለአንድ ወገን የማለፊያ ነጥብን ዝቅ ማድረግ ወይም የተወሰነ ኮታ ማስቀመጥ ደግሞ ውድድሩን ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የማይቋጨው አንዱ ተከራካሪ ስለ መጀመሪያው ሲናገር ሌላው ስለ ሦስተኛው እየመለሰ ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የምመለከተው መካከለኛውን ነው፤ የአገራችን የቅጥር ሕጎች የያዙትም እሱን ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሴቶች ከቀደመው ዘመን የወረሱት የበታችነትና የልዩነት ውርስ እንዲታረም በድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይገልጻል፤ የእርምጃዎቹንም ዓላማ ሲያስረዳ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በግል ተቋማትም ውስጥ ከወንዶች ጋር በእኩልነት ተወዳዳሪና ተሳታፊ እንዲሆኑ ለማስቻል ነው ይላል። ስለዚህ «የግል አሠሪ የፈለገውን ይቅጠር፣ ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጣጣ ነው» የሚለው አባባል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣው ስምምነትም በአንቀጽ 4 እንዲህ ያሉ ጊዜያዊ እርምጃዎች እንደ አድልዎ እንደማይቆጠሩ፣ ነገር ግን የተፈለገው እኩልነት ሲገኝ ማብቃት እንዳለባቸው ይናገራል። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል አንባቢ እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሕገ መንግሥቱ ወደ አዋጆቹ ስንወርድ አንዲት ቃል የፈጠረችውን ልዩነት እናገኛለን። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር «እኩል ወይም ተቀራራቢ» ውጤት ላመጡ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በንጽጽር አነስተኛ ተዋፅኦ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። የግል ድርጅቶችን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 87 ሴት ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል ይላል፤ «ተቀራራቢ» የሚለው ቃል በዚህ ውስጥ የለም።

ከመቶ በሚታሰብ፣ የጽሑፍ ፈተናን፣ የቃል ፈተናን፣ የትምህርት ማስረጃንና የሥራ ልምድን በየድርሻቸው በሚደምር ውድድር ውስጥ ሁለት ሰዎች በትክክል እኩል የሚሆኑበት አጋጣሚ ከስንት አንዴ የሚገኝ ነው። ውጤቱ እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ይሰላል፤ አንዱ 78.25 ሲያመጣ ሌላዋ 78.10 ታመጣለች። አዋጁ ለእሷ የሰጣት ቅድሚያ በዚህች በአሥራ አምስት መቶኛ ነጥብ ይቀራል። ሕግ አውጪው ቅድሚያ እንዲሰጥ ፈልጎ እንደነበር ግልጽ ነው፤ የጻፈው ግን በተግባር የማይከሰት ሁኔታን ነው።

ይህን በጽንሰ ሐሳብ ብቻ አላውቀውም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለአንድ የንብረት ክፍል የሥራ መደብ የተቋቋመ የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርሁ። በጽሑፍ ፈተናው አንዲት ሴት ተወዳዳሪ ከሁሉም በልጣ ወጣች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ወንድ በሁለት ነጥብ ያህል ያንስ ነበር። በቃል ፈተናው ሰብሳቢው ወንዱን ስለ ንብረት ምዝገባ ጠየቀው። እሷን ግን «እህቴ፣ ባለትዳር ነሽ?» አላት። ማግባቷን ስትናገር ቀጥሎ የተጠየቀችው ልጅ ስለ መውለድ ነበር። የቃል ፈተናው ነጥብ ሲደመር ወንዱ በሩብ ነጥብ በለጠ። ከእኛ መካከል አንዱ ስለ ሴቶች ቅድሚያ ሲያነሣ የተሰጠው መልስ «ውጤታቸው እኩል ስላልሆነ ድንጋጌው አይመለከታትም» የሚል ነበር፤ ያም ቃል በቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ እኔም ፈረምሁበት። በወረቀቱ ላይ አንድም የተጣሰ ሕግ አይታይም። ያን ፊርማ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮችም ዋነኛው እሱ ነው።

እንግዲህ ነጥብ የሚሰጠው ሰው እኩልነትንም የሚሰጠውና የሚነሣው እሱ ነው። ቅድሚያ እንዳይሠራ ለማድረግ ሕጉን መቃወም አያስፈልግም፤ ሩብ ነጥብ ማንቀሳቀስ ይበቃል። በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ ነው፤ አንዲትን ሴት መቅጠር የፈለገ ኮሚቴ ተቀራራቢ የሚለውን ቃል እስከፈለገው ርቀት ሊለጥጠው ይችላል። ወሰኑ በቁጥር ካልተጻፈ በሁለቱም በኩል በር ክፍት ነው።

በዚህ ጉዳይ የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የጀርመኗን የብሬመን ግዛት ሕግ መረመረ፤ ጉዳዩ የከተማ መናፈሻዎችን በሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊነት ቦታ የተወዳደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴትን የሚመለከት ነበር፤ ሕጉ ሁለቱ ብቃታቸው እኩል ከሆነና ሴቶች በዚያ ደረጃ አነስተኛ ከሆኑ ሴቷ ያለ ምንም ተጨማሪ ማጣራት ትለፍ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከሌላ የጀርመን ግዛት የመጣ የአንድ መምህር አቤቱታ ሲቀርብለት፣ ለሴቷ ቅድሚያ የሚሰጥ ሆኖ ለወንዱ የተለየ ምክንያት ካለው እንዲታይለት ቦታ የተወ ሕግ ተቀባይነት እንዳለው ወሰነ። የሁለቱ ውሳኔዎች ልዩነት ለእኛም ይጠቅማል። ሴቷ በከተማ ያደገች የባለሥልጣን ልጅ፣ ወንዱ ደግሞ እግሩ የተጎዳ፣ አባቱ የሞተበት የእነዋሪ ገበሬ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ኮሚቴው ይህን ዓይቶ በጽሑፍ ምክንያቱን እያሰፈረ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

የእንግሊዝ አገር የ2010 የእኩልነት ሕግም እንደ እኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በብቃት እኩል የሆኑትን ብቻ ነው የሚፈቅደው። የቼሻየር ፖሊስ ይህን ለማስፋት ሲል ቃለ መጠይቁን ያለፉትን 127 ሰዎች በሙሉ እኩል ናቸው ብሎ ወሰደና ከመካከላቸው ብዝኃነትን በመለኪያነት ተጠቅሞ መረጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ያየው የሥራ ክርክር ችሎት ይህን ሕገ ወጥ አለው፤ ማለፊያ ነጥብ ማምጣት በራሱ እኩልነት አይደለምና። የፖሊሱ ስህተት ከእኛው ኮሚቴ ስህተት ጋር ተቃራኒ ቢመስልም ምንጩ አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ «እኩል» የሚለው ቃል ትርጉም የተሰጠው ተወዳዳሪዎቹ ከታወቁ በኋላ ነው።

መፍትሔው ከዚህ ይመነጫል። አሠሪው ቅድሚያ ለመስጠት ከፈለገ፣ ወይም ሕግ ካስገደደው፣ የተቀራራቢነቱን ወሰን በማስታወቂያው ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «የማለፊያ ነጥብ ካመጡት መካከል የውጤት ልዩነታቸው ከሁለት ነጥብ ያልበለጠ ከሆነ ቅድሚያው ለእገሌ ወገን ነው» ይበል። የማለፊያ ነጥቡ ለሁሉም አንድ ይሁን። የጽሑፍ ፈተናው ውጤት የቃል ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ይለጠፍ፤ እንዲህ ሲሆን ነጥብ ከየት ወደየት እንደሄደ ማንም ያያል። ይህ አሠራር ለሴቷ ብቻ ሳይሆን በማስታወቂያው ፊት አኩርፎ ለሚያልፈው ወጣትም ይበጃል፤ በስንት ነጥብ ሊቀደም እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃልና፣ ከዚያ ወዲያ ለመሥራት ይዘጋጃል።

በዚህ ላይ ከሁሉ አዘውትሮ የሚነሣው ተቃውሞ የችሎታ ጥያቄ ነው፤ የተሻለውን ትቶ ሌላውን መቅጠር ሥራውን ይጎዳል ይላሉ። ተቃውሞው ስለ ሰፊ ልዩነት ቢሆን ትክክል ነው፤ የማለፊያ ነጥብን ለአንድ ወገን ዝቅ ማድረግን የማልደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚደረግ ድጋፍ ተማሪዋ ጉድለቷን የምትሞላበት ዓመታት ይሰጣታል፤ በሥራ ላይ ግን የባንክ ደንበኛም ሆነ የሆስፒታል ታካሚ አገልግሎቱን የሚፈልገው በዚያው ዕለት ነው። ነገር ግን የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት የችሎታ ልዩነትን አያሳይም። ያው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ፈተና ቢፈተን ውጤቱ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል፤ የቃል ፈተናውማ በፈታኙ ስሜት፣ በሰዓቱና ከፊት ባለፈው ተወዳዳሪ ይቀያየራል። መለኪያው ራሱ ከሚስተው ባነሰ ልዩነት ውስጥ ማንን እንደምንቀጥር ለመወሰን ሌላ ተገቢ ምክንያት መፈለግ ሥራውን አይጎዳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል፤ በቅን ልብ የሚናገሩት ሰዎች ስላሉ። አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረው፣ በዲግሪ ተመርቆ «የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ እየፈለገ ሦስትና አራት ዓመት በደብረ ብርሃን የተከራየ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሚኖር ወጣት «ሴቶችን የበደልኋቸው እኔ አይደለሁም፤ ዕዳውን ለምን እኔ እከፍላለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሱ አልበደለም። ለዚህ ወጣት የምሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። ቅድሚያው የሚሠራው በጠባብ ወሰን ውስጥ፣ በማስታወቂያ በተነገረ ቁጥርና ለተወሰነ ጊዜ ከሆነ የሚደርስበት ጫና የሚታወቅና የሚቆም ይሆናል፤ ቀደም ብዬ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል እንዲያስታውሱልኝ የጠየቅሁት ለዚህ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ የሥራ ደረጃ የሴቶችና የወንዶች ቁጥር ከተመጣጠነ በዚያ ደረጃ ቅድሚያው መቅረት አለበት። በሌላ በኩል ግን ይህ ወጣት ሥራ ሲፈልግ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «እዚያ ሰው አለህ?» ብለው እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በዘመድ፣ በአገር ልጅነትና በትውውቅ የሚሰጠው ቅድሚያ ማስታወቂያ የለውም፣ ወሰን የለውም፣ ጊዜ የለውም። እኔ የምጠይቀው የነጥብና የማስታወቂያ ግልጽነት ከሴቶች ቅድሚያ ይልቅ የሚያጠቃው ይህንን ነው፤ በዚህም ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው «ሰው የሌለው» ያ ወጣት ነው።

ቅድሚያው ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። ሕንድ ከታሪክ የተነሣ ለተገፉ ወገኖች በመንግሥት ሥራ ቦታ በኮታ ስትይዝ ረጅም ልምድ አላት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ ኮታው በመሠረቱ ከ50 በመቶ እንዳያልፍ ሲወስን፣ ከኋላ ቀር መደቦች መካከል የተሻለ ኑሮ ያላቸው ከተጠቃሚነት እንዲወጡም አዘዘ። እነሱን የሚጠሩበት ቃል በእኛ ቋንቋ ቢገለጥ «ስልባቦት» ማለት ነው፤ ወተቱ ላይ የሚንሳፈፈው። ድጋፉን የሚሻማው ሁልጊዜ ከላይ ያለው ስለሆነ ከሥር ያለው ይዘነጋል።

በሰሜን ሸዋም ስልባቦት አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከቀድሞው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በተጨማሪ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የዞኑ ሥራ የተከማቸው በእሷ ነው። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተምራ፣ ማስታወቂያውን ከገበያ ስትመለስ የምታየው ሴትና በመሐል ሜዳ ወይም በግሼ ያለችው ሴት በአዋጁ ዓይን ሁለቱም «ሴት ተወዳዳሪ» ናቸው። የመሐል ሜዳዋ ግን ማስታወቂያው መውጣቱን ከሰው መስማት፣ ለምዝገባ በሞላሌ አድርጋ ጣርማ በር ከዋናው መንገድ መግባትና ደብረ ብርሃን መድረስ፣ ለማደሪያ ዘመድ መፈለግ፣ ተመልሳ ደግሞ ለፈተና እንደገና መምጣት አለባት። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ ሰሞን ሲሆን ያም ይቀራል። ፈተናው ላይ ላልተቀመጠች ሴት የሁለት ነጥብ ቅድሚያ ምን ያደርግላታል? ምዝገባን በየወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መቀበልና ፈተናን ቢያንስ በሁለት ከተሞች መስጠት ከማንም ላይ ምንም ሳይወስድ ከቅድሚያው የበለጠ ሰው ይደርሳል።

ዋስም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ጠባቂ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ሲቀጠር ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠየቃል፤ ከወለጋ ተፈናቅላ በደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የምትኖር ሴት ፈተናውን ብታልፍ እንኳ ደመወዙን የሚያስይዝላት ማንን ታመጣለች? ዋሱ በተወሰነ የገንዘብ መጠን እንዲሆን ወይም ከደመወዝ በየወሩ በሚቀነስ ማስያዣ እንዲተካ ማድረግ ይቻላል።

የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ከሴቶቹ የሚለየው ሕጉ በተሻለ ጥንቃቄ የተጻፈላቸው በመሆኑ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የመንግሥትንም የግልንም አሠሪ ይመለከታል፤ አሠሪው የሥራና የሥልጠና አካባቢውን ለአካል ጉዳተኛው የሚመች እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙን ከራሱ አውርዶ አሠሪው አድልዎ አለመፈጸሙን እንዲያስረዳ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ትልቅ ነው፤ የነጥብ ወረቀቱና ቃለ ጉባኤው ያለው በአሠሪው ካዝና ስለሆነ ማስረዳት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ሥርዓት ለሴቶችም ሊሰፋ ይገባል እላለሁ፤ ያቺ የንብረት ክፍል ተወዳዳሪ ልክሰስ ብትል ኖሮ በእጇ ምን ነበር? ሆኖም ፈተናው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሰጥ፣ መስማት የተሳነው ሰው ያለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለቃል ፈተና ሲቀርብ፣ የማየት ችግር ያለበት ሰው ወረቀቱን የሚያነብለት ሲያጣ ውጤቱ ከጅምሩ ስለ ችሎታው የሚናገረው ነገር የለም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ከቅድሚያ በፊት ፈተናውን ማስተካከል ነው፤ ተስተካክሎ ከተፈተኑ ብዙዎቹ ቅድሚያ የማያስፈልጋቸው ይሆናሉ።

ብሔረሰብን በሚመለከተው ሦስተኛው ምክንያት ላይ የተለየ አቋም አለኝ። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የአገሪቱን ሕዝብ ሁሉ ስለሚያገለግል ሠራተኞቹ ከአንድ አካባቢ ብቻ እንዳይሆኑ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ለግል አሠሪ ግን ይህ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ለበጎ ዓላማ በቅጥር ቅጽ ላይ የሚጻፍ የብሔር ጥያቄ ነገ ለማግለል ያገለግላል፤ በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ያሉት ሰዎች ቤታቸውን ያጡት ማንነታቸው ተጠይቆ ነው። በዞናችን ቆላማ ክፍል፣ በአንኮበር ግርጌ በአልዩ አምባ አካባቢ የሚኖሩ አርጎባዎች በትምህርትና በመንገድ ወደ ኋላ ቀርተው ከሆነ፣ ከዚያ ወረዳ የሚመጣን ማንኛውንም ተወዳዳሪ በትውልድ ሐረጉ ሳይሆን በተማረበት ትምህርት ቤትና በኖረበት ቀበሌ መርዳት ይቻላል፤ ጎረቤቱ የሆነው አማራም በዚያው ድጋፍ ውስጥ ይገባል።

በየትኛውም ቅጽ ላይ የማይጻፍ መገለልም አለ። እዚሁ በእኛ አገር በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዘው ነበር፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን በሥራው እየጠሩ ማዋረድ ጥበብን እንደሚያጠፋ ንጉሠ ነገሥቱ ገብቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጅ በሚታወቅበት ወረዳ ለሥራ ሲወዳደር ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ከአያቱ ስም ጋር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቅድሚያ እንስጥ ማለት ራሱ መለያ መለጠፍ ስለሚሆን አይበጀውም። ለእሱ የሚበጀው የጽሑፍ ፈተናው በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲታረምና የቃል ፈተናው ድርሻ እንዲያንስ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ለሁሉም መገለል መድኃኒት አይደለም፤ በግልጽ ሊለካና ሊነገር ለሚችለው ብቻ ነው የሚሆነው።

በመጨረሻ ያስቀመጥሁት የገንዘቡን ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚብሰውም እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ትወስዳለች፤ ለአባት የተፈቀደው ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ዕረፍቱ የሚገባ ነው፤ ቢበዛ እንጂ ቢያንስ አልወድም። ደመወዙን የሚከፍለው ግን ያው አንድ አሠሪ ብቻውን ነው። በደብረ ብርሃን አሥራ ሁለት ሠራተኞች ይዞ ልብስ የሚሰፋ አንድ ባለ ሱቅ፣ ስድስት ሺህ ብር የሚከፈላት ሠራተኛው ስትወልድ ከ24,000 ብር በላይ ያወጣል፤ በእሷ ቦታ ለሚተካው ደግሞ ሌላ ይከፍላል። ሕጉ በአንድ እጁ «ሴትን አስቀድም» እያለ በሌላው እጁ ላስቀደመው ሰው ብቻ ሒሳብ ይልክለታል። ትልቁ ፋብሪካ ይችለው ይሆናል፤ ትንሹ ግን ሴት ላለመቅጠር ሰበብ ይፈልጋል፤ ሰበቡም በሩብ ነጥብ ይገኛል።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ዛሬ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየሰበሰበ ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለተተኪዎች ይከፍላል፤ ወሊድ በውስጡ የለም። ከሁሉም አሠሪዎች፣ ወንድ ብቻ ከሚቀጥረውም ጭምር፣ ጥቂት መቶኛ ተጨምሮ የወሊድ ደመወዝ ከጋራ ቋት ቢከፈል፣ ሴት መቅጠርና ወንድ መቅጠር ለአሠሪው በዋጋ ይስተካከሉ ነበር። ያኔ በቃል ፈተና ላይ «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ለአሠሪው የሚያተርፍለት ነገር አይኖርም፤ ጥያቄውም በግልጽ ቢከለከል የሚጎዳው ሰው የለም። ያን ዕለት ሰብሳቢው ጥያቄውን ሲያነሣ ከእኛ ከአምስታችን አንዳችንም አላቆምነውም፤ ሁላችንም የአራት ወሩን ደመወዝ ሒሳብ በልባችን እየሠራን ነበር።